ምዕራፍ ሰባት፦ ያዘው፣ ለቀቀው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ምኒልክ አደባባይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ብዙ ሳንርቅ፣ ለታክሲ ተሰልፈናል። አንድ ጎልማሳ ሰው ከአደባባዩ ወደ እኛ መጣ። ብርድ ልብስ ደርቧል፤ በአንድ እግሩ ሸበጥ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ከራሱ ጋር እያወራ ሰልፉን በጎን አልፎ ቆመና ጣቱን ወደ ፈረሰኛው ሐውልት ቀስሮ አንድ ነገር ማስረዳት ጀመረ። ከፊቴ የነበረ የተማሪ ቦርሳ ያነገተ ልጅ የእናቱን እጅ ጭምቅ አድርጎ «ማሚ፣ እብዱ መጣ» አላት። እናትየዋ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበችው እንጂ አልተናገረችም። መልስ የሰጡት ጥግ ላይ ጧፍና ሻማ ዘርግተው የተቀመጡ አሮጊት ናቸው።

«እብድ አይባልም ልጄ። አሞት ነው።»

ታክሲው መጣና ተሳፈርን። ልጁ ቃሉን ከትልልቅ ሰዎች አፍ ነው ያገኘው፤ ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ያ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። ልጁ የሰውየውን ማንነት ነገረን፤ አሮጊቷ የደረሰበትን ነገሩን። ይህ ምዕራፍ በእነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

በምዕራፍ ሦስት አእምሮ እንደ ኩላሊትና እንደ ሳንባ የሚታመም፣ የሚታከምም መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ ሰዎች ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ስለሚፈጅባቸው ረጅም ጊዜ አንስተን፣ የመንገዱን ርቀት፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብ፣ የመድኃኒቱን እጥረት ቆጥረናል። አንዱን ምክንያት ግን ሆን ብዬ አቆይቼው ነበር። ታማሚው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ስለ ሐኪምም ስለ ጠበልም ገና ሳያስብ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ቃል ነው፤ የእናቱ፣ የጎረቤቱ፣ የጓደኛው ቃል።

ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ

አማርኛ ስለ ሰውነት ስሜት ሲናገር አንድ የሚያምር ልማድ አለው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ እንላለን። የሰዋስው መምህራን ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት»፣ ድርጊቱ የሚያርፍበትን ደግሞ «ተሳቢ» ይሉታል። እስቲ «ራበኝ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። እኔ ከቃሉ መጨረሻ፣ «ኝ» በምትባለው አንዲት ፊደል ውስጥ ነኝ። ረሃቡ መጣብኝ፣ እኔ ላይ አረፈ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲርበው «ረሃብተኛ ነኝ» የሚመስል ነገር ነው የሚለው፤ ረሃቡና ሰውየው በ«ነኝ» ተጣብቀዋል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የታማሚዎችና የአካል ጉዳተኞች ተሟጋቾች ለዓመታት የታገሉት ይህን ለማላቀቅ፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው ከሕመሙ እንዲቀድም ነው። አነጋገሩን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው። የእኛ አያቶች ግን ያንኑ አነጋገር ቡና እየጠጡ ሲቀባበሉት ኖረዋል።

በሽታ ላይ ስንደርስ ልማዱ ይበልጥ ይጎላል። ወባ ያዘው። ጉንፋን ያዛት። ከዚያ ለቀቀው፤ ለቀቃት። ዝናብ የመታውን ሰው «ዝናብ» ብለን አንጠራውም፤ ልብሱን ቀይሮ እሳት ዳር እንዲቀመጥ እንነግረዋለን። በሽታ እንደ ክፉ እንግዳ ነው። ሳይጠሩት ይገባል፣ ቤት ያምሳል፤ አንዳንዱ ሰንብቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ እየተመላለሰ ያስቸግራል። ቤቱ ግን ምንጊዜም የባለቤቱ ነው። ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ፣ ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ባር ባር አለኝ፤ እነዚህም ሁሉ በዚሁ ደግ ሰዋስው የተሠሩ ናቸው።

ወደ «አበደ» እንምጣ። እዚህ ቃል ላይ ሰውየው ራሱ ባለቤት ሆኖ ይቆማል። ሰከረ፣ ጠገበ፣ አመፀ፣ አበደ። አንድ ላይ ስትሰሟቸው በአንድ ረድፍ የቆሙ የጥፋት ክሶች ይመስላሉ። ከ«አበደ» «እብድ» የሚል ስም ይወጣል፣ ከስሙ ኋላ «ነው» ይከተላል። ጉንፋን ለያዘው ሰው «ለቀቀው» የሚል መውጫ አዘጋጅተናል። «እብድ ነው» ላልነው ሰው የቱን መውጫ አዘጋጀንለት? ሲሻለው እንኳ «ያ አብዶ የነበረው» እንለዋለን።

ጥፋቱ ሁሉ የሰዋስው ነው ማለቴ አይደለም። «ታመመ» ስንልም ሰውየው ባለቤት ነው፤ ይሁንና ማንም አይፈርድበትም። ዋጋው አበደ፣ ሙዚቃው ያሳብዳል እያለ የሚጨዋወተውን ወጣት ልቆጣም አልፈልግም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ለወባና ለብርድ ያልነፈግነው ደግነት፣ ሰው ከሁሉ አብዝቶ በሚፈልገው ሰዓት ከአፋችን ይጠፋል።

አራዳና አማኑኤል

ለዚህ ምዕራፍ ምኒልክ አደባባይን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አካባቢ የስም ጉዞ በዓይን ይታያል። ፒያሳ የሚለው የሰፈሩ ስም ከጣሊያን ወረራ ጋር መጣ፤ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፣ ቃሉ ግን ቀረና የእኛ ሆነ። ከዚያ በፊት ሰፈሩ አራዳ ነበር። የከተማዋ ትልቅ ገበያ በጊዮርጊስ ዙሪያ ይቆም ነበር፤ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት። ገበያው ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ውሎ አድሮም ስሙ ከመሬቱ ተነስቶ ሰው ላይ ወጣ። አራዳ ማለት የነቃ፣ የማይታለል፣ ከተማ ያወቀ ማለት ሆነ። «የአራዳ ልጅ» ተብሎ ደረቱን ያልነፋ የፒያሳ ሰው አላውቅም።

ከመርካቶ አለፍ ስትሉ ሌላ የቦታ ስም ታገኛላችሁ። አማኑኤል። ትርጉሙ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ለሆስፒታሉ ተሰጠ፤ ሆስፒታሉም ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ይህም ስም እንደ አራዳ ከመሬቱ ተነስቶ ሰው ላይ ወጣ፤ አወጣጡ ግን ሌላ ነው። «አማኑኤል ይግባ»፣ «ከአማኑኤል አምልጦ ነው» እያልን እንሳደብበታለን። በመላ አገሪቱ ስንት ቤተሰብ ልጁን ያዳነበትን ቤት ስም ነው ለስድብ ያዋልነው። ደጁን መርገጥ ስሙን መልበስ ከሆነ፣ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ቢመለስ እንዴት ይፈረድበታል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ቅጽል ስም የሚያወጣው ግን ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ ያወጣውን ስም መልሶ አይወስድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ከሰፈር አፍ ይሻላል። ሕጉ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም መሰል ተቋም የገባን ሰው አእምሮው በግልጽ እንደታወከ ይቆጥረዋል፤ ለዚህ ግን ገደብ አበጅቷል፤ እዚያ እስካለ ድረስ ብቻ። ሰውየው ከሆስፒታሉ ሲወጣ በሕግ ፊት ያ ግምት አብሮት አይወጣም። በመንደሩ ግን ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ፒያሳ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሁን ይሠራል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። አንድ ቀን ከሁሉ የሚከብደው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ስድቡ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«መናደድ አልችልም» አለኝ።

የታክሲ ረዳቱ መልስ ሲያስቀርበት እንደማንኛውም ተሳፋሪ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ወንድሙ ጠጋ ብሎ «መድኃኒትህን ውጠሃል?» ይለዋል። ከት ብሎ ሲስቅ ቤተሰቡ ይተያያል። ዝም ሲልም ይተያያል። የሚደግፈው ቡድን ተሸንፎ የተበሳጨ ዕለት ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል። ወንድሙ የሚጠይቀው ከፍቅር ነው፤ ይህን እርሱም አይክድም። «እብድ ነው» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተነግሮ አያውቅም። ያም ሆኖ ቃሉ ሥራውን ይሠራል፤ ንዴቱን፣ ሳቁን፣ ዝምታውን አንድ በአንድ ከወጣቱ ወስዶ ለሕመሙ ይሰጠዋል።

ቃሉ የት የት ይደርሳል

ይህ የአንድ ወጣት ሆደ ባሻነት እንዳይመስላችሁ ወደ ቡታጅራ ልውሰዳችሁ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተመራማሪዎች በቡታጅራና በአካባቢዋ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። ሐሳባቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይቶ ለዓመታት መከታተል ነበር። ከመጠይቁ ጎን ለጎን አካባቢውን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነዋሪዎችንም ጠየቁ፤ እነዚህም ሰዎች መጠይቁ ያመለጡትን ታማሚዎች ጠቆሙ። ጎረቤት ያውቃል ማለት ነው።

ይህ እውቀት ግን ወዴት ይሄዳል? በዚያው አካባቢ 178 የታማሚ ቤተሰቦች ተጠይቀው 75 በመቶዎቹ በቤታቸው ባለው ሕመም የተነሳ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናገሩ። 37 በመቶዎቹ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ልብ በሉ፣ የተጠየቁት ታማሚዎቹ አይደሉም። እናቶች፣ ወንድሞች፣ ሚስቶች ናቸው። ወባ ወንድምን አልፎ የእህትን ትዳር አያደናቅፍም። «የእብድ እህት»፣ «በዘራቸው አለ» የሚለው ቃል ግን ሽማግሌ ሊላክ በታሰበበት ሰሞን ከየት መጣ ሳይባል ይነሳል።

የተማረ ሰው ከዚህ ያመልጣል ብዬ አስብ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ግምቴን አፍርሶብኛል። ከ500 በላይ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የአንድ ሰው ታሪክ በጽሑፍ ተሰጣቸው። ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፤ የተለያየው አንድ ሐረግ ብቻ ነው። ግማሾቹ ያነበቡት «ሱሰኛ» ወደሚል ቃል የሚጠጋ ስያሜ ነው፤ ግማሾቹ ደግሞ «የሱስ ሕመም ያለበት»። የመጀመሪያውን ያነበቡት ሰውየው በራሱ ጥፋት እዚያ እንደደረሰ፣ ቅጣትም ሊገባው እንደሚችል ወደማሰብ አዘነበሉ። ሥራቸው ማከም የሆነ ሰዎች ናቸው። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ ሱሰኛ ነው በማለትና ሱስ ይዞታል በማለት መካከል ነው።

ጃፓኖች ደግሞ የሕመሙን ስም ራሱን ቀየሩት። ስኪዞፍሬኒያ የምንለው ሕመም፣ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ሐሳቡ የሚበታተንበት፣ በጃፓንኛ ስሙ «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» የሚል ትርጉም ነበረው። ይህን ስም ለታማሚ መንገር ለሐኪሙ ጭምር ከብዶ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ስሙን ሐሳብን አዋህዶ የመያዝ ችግር ወደሚል ትርጉም ለወጡት። የሕመማቸው ስም የሚነገራቸው ታማሚዎች 37 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ገደማ ደረሱ። ስሙን ያላወቀው ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለምን እንደሚውጥ እንዴት ይገባዋል?

በእኛም አገር መልካም ምልክት አለ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በየቴሌቪዥኑ እርዳታ ሲጠይቅ፣ «የአእምሮ ሕሙማን» የሚለውን አጠራር ሐኪም ቤት አይተው በማያውቁ ሰዎች ሳሎን አስገብቷል። ሆኖም ቃል መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ አማኑኤል ምስክር ነው። ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ስም ከየት ይመጣል? ቆሸሸ። ዓረፍተ ነገሩ «ነው» እስከሆነ ድረስ የምናስገባበት ቃል ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይቆሽሻል።

ያዘው ሲባል፣ ማን?

አንድ አንባቢ እዚህ ጋ ሊያቆመኝ ይገባል። ያዘው የምንለው እኮ ለወባ ብቻ አይደለም። ዛር ያዘው፣ ቡዳ በላው፣ ሰፈረበት፣ ነካው፣ ለከፈው እንላለን። ያ ደግ ያልኩት ሰዋስው ለክፉ መንፈስም በሩን ከፍቷል።

እውነት ነው፣ ነገሩም ከባድ ነው። በአንድ በኩል ይህ አነጋገር ታማሚውን ከጥፋት ያወጣዋል፤ ይዞት ነው እንጂ እርሱ ምን አደረገ ያሰኛል። በመልቀቅ ላይ ያለውን ተስፋም ይጠብቃል። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ልጃቸውን ይዘው የሚሰነብቱ እናቶች ተስፋ የማይቆርጡት ስለዚህ ነው፤ የያዘ ነገር ይለቃል ብለው ያምናሉ። በሌላ በኩል ግን «ማን ላከበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከዚያ ጣት ወደ ጎረቤት ይዞራል፣ አንዲት ምስኪን ሴት በቡዳነት ትጠረጠራለች፣ ታማሚውም ላኪው እስኪገኝ ያለ መድኃኒት ወራት ያልፉበታል። «ምን ነካህ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ ከቃሉ ሐዘኔታ ሊወጣ ይገባ ነበር፣ ከአፋችን ሲወጣ ግን ቁጣ ነው።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ሰዋስዉን እንጠብቀው፣ ባዶውን የባለቤት ቦታ ግን በሕመሙ ስም እንሙላው። ድባቴ ይዞታል። የጭንቀት ሕመም ይዟታል። ጠበሉን የሚጠጣ ሰው ኪኒኑንም መዋጥ እንደሚችል በምዕራፍ ስድስት አይተናል፤ «ሕመም ይዞታል» የሚለው ቃል ሁለቱንም መንገድ ክፍት ይተወዋል።

ማን ልበል?

በምዕራፍ አራት አሚግዳላን አስተዋውቄያችሁ ነበር፤ በአንጎል ውስጥ ያለች፣ አደጋ ሲመስላት የምትጮህ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል ናት። የግቢ ዘበኛ ብለን ጠርተናታል። ዘበኛ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ልበል?» ብሎ ነው። እንግዳው ስሙን ሲናገር ዘበኛው ዱላውን ያስቀምጣል። መልስ ከጠፋ ግን ይጠነቀቃል፣ ውሾቹም ይጮኻሉ፣ ቤቱ ሁሉ ይነቃል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ያሳየው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰዎች የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን ሲያዩ ዘበኛዋ ትነሳለች፤ ያዩትን ስሜት ቁጣ ነው፣ ፍርሃት ነው ብለው በቃል ሲሰይሙት ግን ጩኸቷ ይቀንሳል። ስም ያገኘ ስሜት ጨርሶ አይጠፋም፤ ቤቱን ማመሱን ግን ይቀንሳል።

እኛ ዘንድ ብዙ ስሜት በር ላይ ቆሞ ስም አጥቶ ይቀራል። ወጣቱ «ጨንቆኛል» ሲል «ጥጋብ ነው» ይባላል፤ ወላድ እናት ስታለቅስ «ቅብጠት ነው»፤ ወንድ ሲያለቅስማ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቀረው ሆድ ይፍጀው ነው። ሐኪሙ «ድብርት አለብህ» ሲለውም ቃሉ ቀልሎ ይሰማል፤ ፊልሙም ታክሲ መጠበቁም «ደበረኝ» ነውና። ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው በዚያው ቃል ሲጠራ ችግሩ የተናቀበት ይመስለዋል። «ድባቴ» የሚለው ቃል እየተለመደ መምጣቱን የምወደው ለዚህ ነው።

ሰላምታችንንም ተመልከቱ። ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እያልን ደጋግመን እንጠይቃለን፤ መልሱ ግን አንድ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን የከፋው ሰው ከዚያ ሰላምታ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ ቀስ ብሎ «አንተስ እንዴት ሰነበትክ?» ማለት ሌላ ጥያቄ ነው። «ጠንከር በል» ከሚለው «አይዞህ» ይሻላል፤ የመጀመሪያው ከደከመ ሰው ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ምንም አይጠይቅም።

አንድ ቃል ግን አደራ። «ምነው ሞቼ ባረፍኩት» ስንቶቻችን ሥራ በዝቶብን እንኳ እንለዋለን። ስለተለመደ አንሰማውም። ከሰው የራቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የሚወደውን ነገር ለሌላ ማደል የጀመረ ሰው ሲለው ግን ስሙት፣ ጠይቁትም፤ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብላችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ። ብዙዎቻችን ብንጠይቅ ሐሳቡን እናስገባበታለን ብለን እንፈራለን። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል አሳይተዋል። ለብዙዎች ጥያቄው ራሱ እፎይታ ነው፤ በመጨረሻ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ማን ልበል ብሏቸዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደግሞ ወደ አደባባዩ

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 ሰዎችን መርምሮ 41 በመቶዎቹ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታ ጋር ያለው ገመድ የሚላላበት ሕመም፣ እንዳለባቸው አግኝቷል። በየቀኑ በአጠገባቸው እናልፋለን። አብዛኞቻችን ለእነርሱ ያለን አንድ ስም ብቻ ነው።

ይህን ምዕራፍ ጽፌ ልጨርስ ስል ወደ ምኒልክ አደባባይ ተመለስኩ። ሐውልቱ ሥር ማንም አልነበረም። አሮጊቷ ጧፋቸውን ዘርግተው እዚያው ጥግ ተቀምጠዋል። ሁለት ጧፍ ገዛሁና «እማማ፣ ያ ሰው...» ብዬ ቃል አጠረኝ። ስሙን አላውቀውም ነበር።

እርሳቸው ከነአባቱ ስም ጠርተው ነገሩኝ። ጠዋት መጥቶ ነበር። ፊቱን ታጥቦ፣ ሻይ በዳቦ ቀምሶ፣ ትንሽ አጫውቷቸው ሄደ።

«ዛሬ ለቀቅ አድርጎታል» አሉኝ፣ ጧፎቹን በጋዜጣ እየጠቀለሉ።